አውርደህ ጠይቀኝ

አንድ ከብት አርቢ ነበር። ስሙ እንየው ይባላል። አገሩ ደጋ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጉሙ ከደጃፍ አይነሳም፤ ጎረቤት ከጎረቤት የሚተዋወቀው በድምፅ ነው። ታሪኩን የነገሩኝ ሰዎች የቦታውን ስም አልነገሩኝም። እኔም አጥብቄ አልጠየቅኋቸውም፤ እንዲህ ያለ ነገር የማይደረግበት ሰፈር ያለ አይመስለኝምና።

እንየው አሥራ አንድ ከብት ነበረው። ከሁሉም የምትበልጥበት ቦቃ ናት። ግንባሯ ላይ ነጭ ስላላት ነው ቦቃ የተባለችው። ሚስቱ አንጓች ስትዳር አባቷ መርቀው የሰጧት ጊደር ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ግቢው ውስጥ ካሉት ከብቶች ግማሹ የእሷ ልጆችና የልጅ ልጆች ሆኑ። የቤታቸው ጣራ ቆርቆሮ የለበሰው በእሷ ወተት ነው። ሴት ልጃቸው ተምራ፣ ተድራ ለወግ ለማዕረግ የበቃችውም በእሷ ወተት ነው። አሁን አርጅታለች፤ ቢሆንም አንጓች ሌሎቹን ላሞች ለባሏ ትታ ቦቃን ራሷ ታልባት ነበር።

ከግቢያቸው ማዶ ጥልቅ ፈፋ አለ። ከፈፋው ወዲያ አያ ዋሴ የሚባል ሰው ይኖራል። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ ልጆቹ ከተማ ገብተዋል። ቀሪ ቤተሰቡ ስድስት ላሞች ብቻ ነበሩ። ስለ ከብት የእሱን ያህል የሚያውቅ በአካባቢው አልነበረም። ላም አልወልድ ስትል የሚጠራው እሱ ነው፤ በሬ ሊገዛ የሚሄድ ሰው ይዞት የሚሄደው እሱን ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ሁለቱም በአንድ በጋ አዲስ ጋጣ ሠርተው ነበር። እንየው የሠራው ሜዳው ላይ፣ ከግጦሹ አጠገብ ነው። አያ ዋሴ መጥቶ መሬቱን በበትሩ ጫፍ ወጋ ወጋ አደረገና ይህ ዋልካ ነው፣ በበጋ ቢጠነክር አትመነው፣ ዝናብ ሲጠጣ ይውጥሃል፣ ወደ ላይ ወደ ቋጥኙ ብታወጣው ይሻላል ብሎ መከረው። እንየው ሳቀ። ወደ ላይ ማውጣቱ ድካም ነው፤ ደግሞ የተመከረ መምሰሉንም አልወደደውም።

ዋሴ የራሱን ጋጣ ቋጥኙ ላይ ሠራ። በጋውን ሙሉ ጠፍጣፋ ድንጋይ እየፈለገ፣ አንድ በአንድ እየተሸከመ ወለሉን አነጠፈው። በዚያው ሰሞን ሰው በተሰበሰበበት ድግስ ላይ እንየው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «አያ ዋሴ ለላሞቹ አልጋ እያነጠፈላቸው ነው፤ ትራስ ከጎደላቸው እኔ አዋጣለሁ» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ዋሴም አብሮ ሳቀ። ከዚያ በኋላ እንየው ዋሴን ባገኘው ቁጥር «ትራሱ ደረሰ?» ይለው ነበር። እንዲህ ያለ ቀልድ ሲናገሩት ደስ ይላል። የሚከብደው አንድ ቀን እዚያው አልጋ ላይ ማረፊያ መለመን ሲመጣ ነው፤ እንየው ግን ያን ጊዜ ይህን ከየት ያውቀዋል።

ሁለት ክረምት ደህና አለፈ። ሦስተኛው ክረምት መጣ።

ዝናቡ የጀመረው ሰኔ ሳይጋመስ ነው። መጀመሪያ ሰው ደስ አለው። ሐምሌ ሲገባ ደስታው ቀነሰ፤ ሐምሌ ሲጋመስ ሰማይ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ጠፋ። ማታ የጀመረው ለጠዋት ያስረክባል፤ የጠዋቱ ለከሰዓቱ ያስረክባል። የታጠበ ልብስ በሳምንቱ እንደረጠበ ይለበሳል። ፈፋው ቀን ከሌት ያጓራል። እንየው የዝናብ ገሳውን ከትከሻው ያወረደበትን ቀን እስኪረሳው ድረስ ለበሰው።

ዋልካውም ዋሴ እንዳለው ሆነ። የጋጣው ወለል መጀመሪያ ላብ አወጣ፣ ቀጥሎ ቦካ፣ ቀጥሎ ማጥ ሆነ። እንየው ቦይ ቀደደ፤ ቦዩ ሞላ። አመድ በተነ፤ አመዱ ጭቃ ሆነ። የገብስ ጭድ ጎዘጎዘ፤ ጭዱ ሰጠመ። ከብቶቹ ቀኑንም ሌቱንም እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ውስጥ ይቆማሉ፤ መተኛት ፈርተው ቆመው ያድራሉ። ድርቆሹም ከሥሩ ውኃ ጠጥቶ ሻገተ፤ ሲመዙት ይጤሳል፣ ይሸታል። ከብት ደግሞ ቢርበውም የሚንቀው ነገር አለ።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል አንዲት ጊደር አነከሰች። እንየው እግሯን አንስቶ ቢያይ በሰኮናዋ መካከል ሥጋው ነጭ ሆኖ በስብሷል። ሽታው አፍንጫውን አስያዘው። በሳምንቱ ሦስት ሆኑ። ለአንጓች ግን ያልፋል አላት።

አሁን ስለዚያ አገር ሰላምታ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ያለው እሱ ላይ ነውና። እዚያ ሰው ከሰው ሲገናኝ ሰላምታው ረጅም ነው። እንደምን አደርክ ይባላል፤ ቤት ደህና፣ ልጆች ደህና፣ ከብት ደህና ይባላል። ጥያቄው ብዙ ነው፤ መልሱ ግን አንድ ነው፤ «ይመስገን፣ ደህና።» ጥያቄውም መልሱም እግር ሳይቆም ያልቃል። ሰውየው «ከብት ደህና?» ሲል ሁለት እርምጃ አልፎሃል፤ አንተም «ደህና» የምትለው ለጀርባው ነው። ወግ ነው፣ ክፋት የለበትም። እኛም አለን።

እንየውና ዋሴ በየጠዋቱ የሚገናኙት ፈፋው ላይ በተጋደመው የግንድ ድልድይ ነበር። እንየው የወተት ቢዶኑን ተሸክሞ ወደ መኪና መንገድ ይሻገራል። ዋሴ ለላሞቹ ከወዲህ ማዶ ያጨደውን ሣር ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ድልድዩ ጠባብ ነው፤ አንዱ ዳር ይዞ ሌላውን ያሳልፋል። እዚያው ላይ እንዲህ ይባባላሉ፦

«እንደምን አደርክ፣ አያ ዋሴ?»

«ይመስገን። አንተስ? ከብት ደህና?»

«ደህና፣ ይመስገን። ያንተስ?»

«ደህና ናቸው፣ ይመስገን።»

ይተላለፋሉ። በማግስቱም እንዲሁ ነው።

የነሐሴ መጀመሪያ ላይ እንየው ከመኪናው መንገድ ዳር ካለው የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሄደና ምን አለ መሰላችሁ? አንድ ዘመድ አለኝ፣ የእሱ ከብቶች እግራቸው በሰበሰ አለ። ሐኪሙ ቅባት ሰጠውና እንዲህ አለው፦ «ዘመድህን መጀመሪያ ከጭቃው ያውጣቸው በለው። ደረቅ ወለል ላይ ከቆሙ ይድናሉ። ጭቃ ላይ እንደቆሙ ከሆነ ግን ይህን ቅባት ጭቃው ላይ መድፋት ማለት ነው።» እንየው ለዘመዱ እነግረዋለሁ ብሎ ወጣ።

ይህን ስትሰማ አንጓች ምንም አላመነታችም። ከአያ ዋሴ ዘንድ ሂድ፣ የእሱ ጋጣ ድንጋይ ነው፣ ሁሉም ባይገቡ የታመሙትን በተራ በተራ ያስገባልናል አለችው። እንየው ፊቱ ጠቆረ።

«ስድስት ላሞች አሉት። የራስህን አስወጥተህ የእኔን አስገባ ልበለው? በየጠዋቱ ከብት ደህና ነው ሲለኝ ሰምቼ፣ እኔ የእኔስ ደህና አይደለም ልበለው? አልጋ አነጠፈ ብዬ የሳቅሁበት ሰው ነው እኮ።»

«ሳቁን ይመልስልሃል፤ ከዚያ ከብቶቹን ያስገባልሃል» አለችው አንጓች።

እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ገመናችንን እንዳታወጪ፣ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ ብሎም አስጠነቀቃት። እሷም ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ሴቶቹ ከብት ደህና ሲሏት ደህና ትላለች። ስትመለስ መንገድ ላይ ታለቅሳለች። ዝናብ ላይ ያለቀሰ ሰው አይታወቅበትም።

የመጀመሪያዋ ጊደር በነሐሴ አምስት ሞተች። ከሳምንት በኋላ ሁለት ወይፈኖች ተከተሏት። ባልና ሚስት ከጋጣው ኋላ ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሯቸው። ሲቆፍሩት ውኃ ይሞላል፣ እሱን ሲያወጡ ጠርዙ ይናዳል። ከብት የሞተበት ሰው በዚያ አገር ይለቀስለታል፤ ጎረቤት ይመጣል፣ እግዜር ይተካልህ ይባላል፣ ጥጃ የሚሰጥ አለ፣ ጊደር በርቢ፣ የምትወልደውን ሊካፈል የሚሰጥ አለ። እንየው ግን ይህ ሁሉ ቀረበት፤ ያልተነገረ ሐዘን ላይ ማን ይመጣል?

ወተቱም ነጠፈ። ቦቃ ብቻ አንዳንዴ አንድ ሁለት ጣሳ ትሰጣለች። እንየው ግን ቢዶኑን መሸከም አልተወም። ቀላል ቢዶን የያዘ ሰው አረማመዱ ያስታውቃል ብሎ ከምንጩ ውኃ ይሞላበታል። እያቃሰተ ድልድዩን ይሻገራል፣ ደህና ደህና ይባባላል፣ ከመታጠፊያው ወዲያ ሲደርስ ውኃውን ይደፋዋል። አገሩ በሙሉ በውኃ ተጥለቅልቆ እሱ ውኃ ተሸክሞ ይሄድ ነበር። ልስቅበት ፈልጌ አልቻልኩም።

ደግሞ በእነዚያ ጠዋቶች እንየው ያየውና የሰማው ነገር ነበር። መንገዱ በዋሴ ግቢ በታች ታጥፎ ይሄዳል፤ ጋጣው ከላይ በጉም ስለተሸፈነ አይታይም። ከዚያ ከጉሙ ውስጥ የላም እምቧታ ከሰማ ቆይቷል። እንየው ግን የጠገበና የደረቀ ከብት ምን ያስጮኸዋል ብሎ ቀና። ዋሴ የሚሸከመው ሣር ከቀን ወደ ቀን እያነሰ መሄዱንም አይቷል። ድርቆሹ ስላልሻገተበት ነው፣ አዲስ ሣር ብዙ አያስፈልገውም ብሎ እንደገና ቀና። የዋሴ ፊት መክሳቱንም አይቷል። ለዚህ ግን ምክንያት አላበጀለትም፤ ቢዶኑ ስለከበደው አለፈ።

ጳጉሜን ሲገባ ከአሥራ አንዱ አራት ቀሩ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ቦቃ ወደቀች። ጭቃው ውስጥ በጎኗ ተኝታ፣ አንድ ዓይኗ ብቻ ከላይ ሆኖ ታያለች። እንየው ጅራቷን ይዞ፣ ትከሻዋን ደግፎ፣ ተሳድቦ፣ ለምኖ ሊያስነሳት ሞከረ። አልተነሳችም። እንየው እጁን ግንባሩ ላይ ጭኖ ቆመ።  አንጓች ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወጣች። ወዴት ነሽ ቢላት መንገዷን ቀጠለች። በድልድዩ ተሻግራ፣ በመታጠፊያው ዞራ፣ ቋጥኙን ወጣች።

አያ ዋሴን ጋጣው በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ገሳውን ለብሶ ዝናቡን ያያል። ስታየው ደነገጠች፤ እሱም ሲያያት ደነገጠ። ሰላምታውን ትታ በሩን አልፋ ገባች።

ወለሉ ደረቅ ነው፤ ተጠርጓል። ድርቆሹ እስከ ጣራው ተከምሯል፤ ሽታው የጥቅምት ሜዳ ሽታ ነው። ግርግሙ ሞልቷል። ከላይ የዛሬ ጠዋት ሣር አለ፤ ከሥሩ የትናንትና፤ ከዚያ በታች የጠወለገ፣ ከዚያ በታች የበሰበሰ። አንድም ጉርሻ አልተበላም። ጋጣው ውስጥ አንድ ከብት የለም።

«አያ ዋሴ፣ ከብቶቹስ?» አለችው።

ዋሴ መሬት መሬት እያየ ነገራት። በሐምሌ ሁለተኛው ሳምንት ላይ፣ ዝናብ ጋብ ያለበት ጠዋት አግኝቶ፣ ሌሊቱን ምንም ያልቀመሱትን ላሞች ከታች ማገጥ የበቀለበት ሜዳ ላይ ለቀቃቸው። ማገጥ ለምለም ሣር ነው፤ እርጥብ ሆኖ በባዶ ሆድ ሲበላ ግን ከብት ይነፋል። ይህን አገሩ በሙሉ ያውቃል፤ አገሩን ያስተማረው ደግሞ ዋሴ ራሱ ነው። ያን ቀን አሞት ነበር፣ ትንሽ ጋደም ልበል ብሎ ገባ። ሲወጣ ስድስቱም ተነፍተው ወድቀዋል። የሁለቱን ሆድ ወግቶ ሊያስተነፍስ ሞከረ፤ አልደረሰባቸውም። ብቻውን ሦስት ቀን ቆፍሮ ቀበራቸው። ለሰው ምን ብሎ ይንገር? የከብት አዋቂው ዋሴ ላሞቹን ማገጥ አበላ ይባል? ስለዚህ በየጠዋቱ ማጭዱን ይዞ ይወጣል፣ ሣር ያጭዳል፣ በድልድዩ ላይ ተሸክሞ ያልፋል፣ ግርግሙ ላይ ይጥለዋል።

 አንጓች ይህን ሰምታ በሩ ላይ ወጥታ ጮኸች። የድረሱልኝ ጩኸት ነው። እንየው አንድ ወር ሙሉ ምላሷን ያሰራትን በአንድ ትንፋሽ አወጣችው፤ ከብቶቻችን አለቁ፣ ቦቃ ወደቀች፣ ድረሱልን።

ሰው ከጉሙ ውስጥ ወጣ። ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ ገመድ የያዘ፣ ወራጅ እንጨት የያዘ፣ ቁርበት የያዘ፣ ባዶ እጁን የሮጠ። ቦቃን ከጭቃው አውጥተው ቁርበት ላይ አስተኟት፤ አሥር ሆነው ተሸክመው፣ ድልድዩ ላይ ቁርበቱን በገመድ እየጎተቱ አሻገሯት። ሌሎቹን ሦስት እየደገፉ፣ እየገፉ አወጧቸው። ከእንየው ጋጣ እስከ ዋሴ ጋጣ አራት መቶ እርምጃ ነው። አንዱ ተሸካሚ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ለምን አልነገራችሁንም ብሎ ጠየቀ። 

ቦቃ ደረቁ ድንጋይ ላይ ተኛች። ጭንቅላቷን መሸከም አቅቷት ወለሉ ላይ ተጋደመ። ያን ጊዜ እንየው ጋቢውን አወለቀ፣ አጣጠፈና ከጭንቅላቷ ሥር አደረገላት። ትራስ ነው። ቀና ሲል ዋሴን አየው። ማንም አልሳቀም።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለው እንየው። ድምፁ ቁጣ ይመስል ነበር፣ ግን ልቅሶ ነው።

«ከብቶቼ ደህና ናቸው ለሚለኝ ሰው ምን ብዬ ልንገረው?» አለ ዋሴ። «አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ ደህና አይደሉም ብትለኝ ኖሮ፣ እዚያው ድልድዩ ላይ የእኔንም እነግርህ ነበር። አንተን እየጠበቅሁ ነበር።»

«እኔም አንተን» አለ እንየው።

አንጓች ከግርግሙ ላይ የላይኛውን ሣር፣ የዚያን ቀኑን፣ አንስታ ለቦቃ በእጇ አቀረበችላት። ላሚቱ አሸተተችው። አንድ ጊዜ ጎረሰች። አኘከችው፤ ግን አልዋጠችውም። ሳይመሽ ሞተች። ሣሩ አፏ ውስጥ ነበር። አንጓች እንደ ልማዷ ግንባሯን ከላሚቱ ጎድን ላይ አስደግፋ ብዙ ቆየች።

ሦስቱ ከብቶች በዋሴ ጋጣ ሰነበቱ፣ ዳኑም። መስከረም ሲጠባ ፀሐይ ወጣች፤ ሜዳው ቢጫ አበባ ለበሰ። አገሩ አምሮበት ነበር። እንየው ግን ያን ሰሞን ቀና ብሎ ሜዳውን ማየት አስጠላው። አሥራ አንድ ከብት ይዞ የገባበትን ክረምት ሦስት ይዞ ወጣ። ጋጣ ያለው ሰው ከብት አልነበረውም፤ ከብት ያለው ሰው ጋጣ አልነበረውም፤ ሁለቱ በየቀኑ አንድ ግንድ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተሻሽተው ያልፉ ነበር። ይህን ባሰበ ቁጥር እንቅልፍ ይነሳው ነበር፤ ሰዎቹ እንደነገሩኝ እስኪሞት ድረስ ነስቶታል።

ቦቃ በተቀበረች ማግስት ጠዋት ሁለቱ ሰዎች እዚያው ድልድይ ላይ ተገናኙ። እንየው ቢዶን አልያዘም። ዋሴም ሣር አልተሸከመም። ዋሴ አፉ እንደለመደው «እንደምን አደርክ? ከብት...» ብሎ ጀመረና ቃሉ መሀል ላይ ቀረ። እንየው ግንዱ ላይ ተቀመጠ።

«ደህና አይደለሁም፣ አያ ዋሴ» አለው።

ዋሴም አጠገቡ ተቀመጠ። «እኔም» አለ። «እስቲ አንተ ጀምር።»

ከዚያ ዓመት ወዲህ በዚያ አገር ሰላምታው ተለውጧል ይላሉ። አሁንም ቤት ደህና፣ ከብት ደህና ይባላል። ነገር ግን አንድ ሰው ሸክሙን እንደተሸከመ፣ እግሩ መንገዱን እንደያዘ ደህና ነህ ብሎ ቢጠይቅ አይመለስለትም። «አውርደህ ጠይቀኝ» ይሉታል። መስማት የሚፈልግ ሸክሙን አውርዶ ይቆማል። መስማት የማይፈልግም መንገዱን ይቀጥላል፤ ቢያንስ አልዋሹትም፣ እሱም አላስዋሸም።

ወገኖቼ፣ የዚህ ታሪክ ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ግን ልናገረው። ዝናቡን ማንም አላመጣውም፣ ማንም አይመልሰውም ነበር። እንዲያም ሆኖ በዚያ ክረምት የቀረው መፍትሔ አራት መቶ እርምጃ ላይ ተጠርጎና ደርቆ ሃምሳ ጠዋት ሙሉ ተቀምጦ ነበር። በሩን የዘጋው አንድ ትንሽ ቃል ነው። ኀፍረታችንን ልንሸፍንበት «ደህና» ስንል፣ ሊረዳን የሚችለውን ሰው እየሸኘነው ነው፤ ከዚያም አልፎ እሱም የራሱን ጉዳት እንዳይነግረን አፉን እየዘጋንበት ነው። የጠያቂውም ጥፋት ከመላሹ አያንስም። ሳይቆም የጠየቀ ሰው ውሸቱን ራሱ አዝዞታል።

ዛሬ ጠዋት ስንቱን ሰው ደህና ነህ ብላችሁ ጠየቃችሁ? ከእነሱ መካከል ሸክማችሁን አውርዳችሁ የጠየቃችሁት ማንን ነው? እናንተስ በባዶ ጋጣችሁ ደጃፍ ተቀምጣችሁ፣ ለማን ነው እስካሁን ሣር የምታጭዱት?